ኑሪያ ባዶ የተወችው ሰፌድ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ቤቲ ከአዲስ አበባ መጣችና ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ አንድ የልጆች መጽሐፍ ጭኔ ላይ አስቀመጠች። ሥራዋ ምን እንደሆነ እስካሁን በቅጡ አልገባኝም። ሥዕል ነው፣ ግን ሸራ ላይ አይደለም፤ ለመጽሐፍ ነው፣ ግን የምትሥለው በኮምፒውተር ነው። ስልኳን አውጥታ ደግሞ የዘመኑን የመጽሐፍ ሠዓሊዎች አንድ በአንድ ታሳየኝ ጀመር። «ይቺን እያት አያቴ፣ ቀለሟ ከሩቅ ነው የሚታወቀው። ይሄኛው ደግሞ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ አውቆ ነው እሺ!» ትለኛለች። እኔም መነጽሬን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አያለሁ።

ከመጽሐፉ አንዱ ገጽ ላይ አንዲት አህያ አለች። ገጹ በሙሉ ነጭ ሆኖ ጥግ ላይ አህያዋ ብቻ ቆማለች፣ እሷም በጥቂት መስመር የተሣለች። የቤቲ እናት፣ ልጄ ማለት ነው፣ በትከሻዬ አሻግራ አየችና «ይሄማ አላለቀም፤ ወረቀቱን በከንቱ አባከኑት» አለች። ቤቲ ተቆጣች። እናትና ልጅ ክርክር ሲገጥሙ እኔ ልብስ አስገባለሁ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የተሰጣ ልብስ አልነበረም። ቆሜ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዋ አህያ አይታ አለቀሰች ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። ግን ስለ አንድ ሥራ «አላለቀም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ኑሪያ ትመጣብኛለች።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ቤታችን ሐረር፣ ከፈላና በር ውጭ ነበር። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቤተሰባችንም እንደ ብዙዎቹ የከተማው ክርስቲያኖች አያት ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው እዚያው የቀሩበት ነው። ኑሪያ የጀጎል ልጅ ናት፤ ከግንቡ ውስጥ፣ ከትልቁ ገበያ ከጊደር መጋላ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፈው መንገድ ነው ቤታቸው። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነበር የምንቀመጠው። እሷ ዝምተኛ፣ እኔ ለፍላፊ። አስተማሪው «አስቴር!» ብሎ ሲጮህብኝ እሷ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች፣ የሚመታው ግን እኔን ነው።

እናቷ ጊደር መጋላ ላይ ቅመም ይሸጡ ነበር። ሐረሪዎች በቋንቋቸው እናትን «አይ» ስለሚሉ እኔም እንደ ልጃቸው «አይ ፋጡማ» ነበር የምላቸው። እርድ፣ ሄል፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ በየከረጢቱ ተደርድሮ እሳቸው መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ያኔ ላስቲክ የሚባል ነገር የት አለና! ቅመም የሚጠቀለለው በአሮጌ መጽሔት ነው። መጽሔቱ ከየት ከየት እንደሚሰበሰብ እንጃ፤ ከፈረንጅ አስተማሪዎች ቤት፣ ከመኮንኖች ክበብ፣ ከድሬዳዋ ከሚመጣ ዕቃ። እንግሊዝኛው፣ ጣሊያንኛው፣ ፈረንሳይኛው ተደባልቆ በኪሎ ይገዛል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የኔና የኑሪያ ሥራ ገጹን መገንጠልና ጉልበታችን ላይ ማቃናት ነበር። ደመወዛችን ግሽጣ ነው፣ ወቅቱ ካልሆነም ዘይቱን።

አንድ ቀን ኑሪያ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን አስቀመጠችና «እነዚህን የሣላቸው አንድ ሰው ነው» አለችኝ። አንደኛው ላይ ፈረስ አለ፣ ሌላኛው ላይ አልጋ ላይ የተኛች ሴት።

«በምን አወቅሽ?»

«ጥላውን እዪው። ሁለቱም ላይ በጭረት ነው የሠራው። ጭረቱ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ እንደ ዝናብ።»

እውነቷን ነው። ዝቅ ብዬ ስፈልግ ሁለቱም ጥግ ላይ ጉንዳን የምታህል አንድ ዓይነት ፊርማ አገኘሁ። ወይ ጉድ! እስከዚያች ቀን ድረስ የመጽሔት ሥዕል እንደ ሣር ዝም ብሎ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር። ከኋላው የሆነ አገር ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ፣ እጁ የሚዝል፣ ምናልባትም ሚስቱ ምሳ ቀርቧል የምትለው ሰው እንዳለ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለን! ገጽ ባቃናን ቁጥር «ይሄ የማን ነው?» ሆነ ጨዋታችን። ፊርማቸውን ማንበብ ስለማንችል እኛው ስም አወጣንላቸው። ያ የመጀመሪያው «ባለ ጭረቱ» ተባለ። መስመር የሚባል ነገር የማያወጣ፣ ቀለምን ከቀለም ጋር ብቻ እያጋጠመ ሰው የሚሠራ ደግሞ ነበር፤ እሱን «ቀቢው» አልነው። የሰዎቿን አንገት ሁሉ የምታስረዝም ነበረች፤ ሴት መሆኗን የወሰንነው እኛ ነን፣ «እመቤቲቱ» ብለናታል። ሁሉም በዚያው ዘመን በሕይወት ያሉ፣ በየወሩ አዲስ ሥራ የሚያወጡ ሰዎች ነበሩ። እኛ ጋ ግን የሚደርሱት ከዓመት በኋላ፣ በርበሬ ሊጠቀለልባቸው ሲሉ ነው። እኔ የባለ ጭረቱ ወገን ነበርኩ። ልፋቱ ይታያላ! እስካሁን እሱን ሳስብ እርድ እርድ ይሸተኛል።

አይ ፋጡማ ፈጽሞ የማይጠቀልሉበት አንድ ወረቀት ነበር፤ ዐረብኛ የተጻፈበት የካይሮ መጽሔት። «የአላህ ስም ቢኖርበትስ? ሰው ቅመሙን ወስዶ ወረቀቱን ይጥለዋል፣ ይረገጣል። አዑዙ ቢላህ!» ይሉና ለብቻው ለይተው ቤት ይወስዱታል። ቤታቸው ግድግዳው ውስጥ እንደ መስኮት የተሠራ መደርደሪያ አለ፤ እዚያ ከፍ አድርገው ይቆልሉታል። አብዛኛው የዘፋኝ ወሬና የሳሙና ማስታወቂያ መሆኑን ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል? በዚህ የተነሣ በርበሬ ያልነካው፣ ያልተጨማደደ የመጽሔት ቁልል ጀጎል ውስጥ ከነሱ ቤት በቀር አልነበረም።

በረመዳን አንድ ከሰዓት ዝናብ ይዞን እነሱ ቤት ተቀምጠን ነበር። ውጭ ውሃው በጠባቡ መንገድ እየጮኸ ይወርዳል፤ ከጎረቤት ለማፍጠሪያ የሚጠበሰው የሳምቡሳ ሽታ ይመጣል፤ እሷ ጾመኛ ናት፣ እኔ ደግሞ ይሉኝታ ይዞኝ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም። ኑሪያ እጇን ታጥባ ቁልሉን አወረደች። ስናገላብጥ፣ ስናገላብጥ፣ አንድ ገጽ ላይ እጇ ቆመ።

ልብስ የምታሰጣ ሴት ናት። አንድ መስመር ገመዱን ሠርቷል፣ አንዲት ቅስት ጀርባዋን፣ ሁለት ሦስት ጭረት ደግሞ ልብሱን። ፊት የላትም፣ መሬት የለም፣ ቤት የለም። የቀረው ነጭ ወረቀት ነው። እኔ ሳቄ መጣ። «ይሄ ሰውዬ ደመወዙን ተኝቶ ነው የሚበላው! ሰነፍ!» አልኩ። በዚያው ስሙ «ሰነፉ» ሆኖ ቀረ።

ኑሪያ አልሳቀችም። ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበለችና «አስቱ፣ ነፋሱን የት ጋ ነው የሣለው?» አለችኝ።

አየሁ። ነፋስ እንዳለማ ግልጽ ነው፤ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የምትታገለው እሱን ነው። ግን ነፋሱን የሚያሳይ አንዲት መስመር እንኳ የለችም። ጣቷን ነጩ ወረቀት ላይ አድርጋ «እዚህ ነው ያለው» አለች። «ምንም ባልሠራበት ቦታ።» ቁልሉን እስከ ማታ አገላበጥነውና የሰነፉን ሥራ ሁሉ ለቀምነው። መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ፣ የምታዛጋ ድመት። በእያንዳንዱ ላይ ጣቷ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ነጩ ቦታ ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል ስንጨርስ ኑሪያ ታጨች። ሙሽራው የእህል ነጋዴ ልጅ ነው። ሰውየውን እንዳትጠሉብኝ፤ ረጋ ያለ፣ ዓይን አፋር፣ ጥሩ ሰው ነበር። የሐረሪን ቤት ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት ነው የሚያጌጠው፣ ስፌቱን ደግሞ ሙሽሪት ይዛ ትገባለች። ሴት ልጅ በስፌቷ ትመዘናለች። የሰፈሩ ልጃገረዶች አንድ ቤት ተሰብስበው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይሰፋሉ። እኔም እሄድ ነበር፤ ጣቴ እንጨት ስለሆነ አክርማ ከመሰንጠቅ ሌላ ሥራ አልተሰጠኝም። የስንደዶው ጥቅል ከመሃል ተነሥቶ ይዞራል፣ ወስፌ ይበሳዋል፣ አክርማው ያጠብቀዋል፣ ቀለም የተነከረው አለላ ጌጡን ያወጣል። ጌጡ እንደ ልብ አይደለም። እያንዳንዱ ስም አለው፣ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ሰፌዱም እስከ ከንፈሩ መሙላት አለበት።

ኑሪያ የሚጠበቅባትን ሁሉ ሰፋች፣ አንድም ሳታጎድል። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሰፌድ ጀመረች፣ ክረምቱን በሙሉ እሷን ስትሰፋ ከረመች። ሰፌዷ እንዳለ የአክርማው የራሱ መልክ ነው፣ ነጣ ያለ ቢጫ። ከመሃሏ ግን አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ትነሣለች። ትታጠፋለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትታጠፋለች፤ ዳር ሳትደርስ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ጌጥ የሞላበት ስፌት ጥፋትን ይሸፍናል። ባዶው ላይ ግን አንድ ጊዜ ወስፌ ከሳተ ለዘላለም ይታያል። ስንት ጊዜ ፈትታ እንደሰፋቻት እኔ ነኝ የማውቀው።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ከፈላና በር ወጥቶ ወደ አትክልቱ የሚወርደው መንገድ። እናንተ ቤት ስመጣ የማየው።»

«ታዲያ ለምን ቆመ?»

«ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁትማ።» ወስፌዋን አስቀመጠች። «አስቱ፣ እዚያ ቤት የሚሰቀለው ሁሉ የእናቴ ነው፣ የአያቴ ነው፣ የሰፈሩ ነው። እወደዋለሁ፣ ወላሂ። ግን አንዷ የኔ ትሁን። ጠዋት ስነሣ አንዷን አይቼ፣ ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ ልበል።»

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር አለ። ከሰነፉ የወሰደችው ሥዕሉን አልነበረም፤ መተውን ነው። የራሷን መንገድ በራሷ አለላ ሠርታ፣ የማታውቀውን ደግሞ በድፍረት ሳትሞላው ተወችው። እኔ የባለ ጭረቱ ወገን፣ የልፋት አድናቂዋ፣ ሰፌዷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያቺን መስመር በጣቴ ተከተልኳት።

ሠርጉ ሲቃረብ የሙሽራው ወገን ሴቶች ስፌቱን ሊያዩ መጡ። በወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበ፣ ሐልዋ ቀረበ፣ እያንዳንዱ ስፌት ከእጅ እጅ ዞረ። «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» ተባለ። በመጨረሻ ያቺ ሰፌድ ደረሰች። የሙሽራው አክስት ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና «ይቺስ? አለላ አለቀባችሁ እንዴ?» አሉ። ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፣ ጨዋታ ነው። አይ ፋጡማም አብረው ሳቁ፤ ፊታቸው ግን በርበሬ መሰለ። «ታልቃለች ኢንሻአላህ» አሉ።

እንግዶቹ ሲሄዱ «መቼ ነው የምትጨርሻት የኔ ልጅ?» ብለው ጠየቋት።

«ጨርሻታለሁ፣ አይ። እንደዚህ ናት።»

እናትየው አዩዋት፣ ቀረብ ብለው ጉንጯን ዳሰሱ። «ደከመሽ አይደል? በጣም አስለፋንሽ» አሏት። ኑሪያ አየችኝ። ልታስረዳ አፏን ከፈተች፤ ግን በየትኛው ቃል? ሐረሪ ውስጥም፣ አማርኛ ውስጥም፣ አንድ የካይሮ ሰው ነጭ ወረቀት ላይ ነፋስ ትቶ አለፈ ብሎ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? ሰፌዷን እናቷ ጉልበት ላይ ተወቻት። ከዚያ ለሒናው ወደ አክስቷ ቤት ሄደች፣ እስከ ሠርጉም እዚያው ሰነበተች።

የሠርጉ ዕለት እንግዳ ሳይገባ አይ ፋጡማ እኔንና ኑሪያን እጃችንን ይዘው ወደ ሙሽሮቹ ቤት አስገቡን። ቤቱ በቀይ አፈር ተለቅልቆ ገና ይሸታል። ግድግዳው አንድ ጣት ማስገቢያ የለውም፣ በስፌት ተሞልቷል። እሳቸው ግን ሌላውን አላሳዩንም። ቀጥ ብለው መሃል ወደ ተሰቀለችው፣ ከሁሉ በበለጠው ቦታ ላይ ወዳለችው ሰፌድ ወሰዱን።

መጀመሪያ አላወቅኋትም። ከመሃል እስከ ከንፈሯ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ብርቱካን ሆናለች። አልፈቷትም፤ በኑሪያ ስፌት ላይ ቀለም የተነከረውን አለላ በመርፌ እየደረቡ ነው የሞሏት። ዓይኔን ቢያሳውረኝ ደስ ባለኝ። ሥራው ደግሞ ግሩም ነው፤ ልዋሽ አልችልም፣ ያን የመሰለ የጠራ ጌጥ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የአይ ፋጡማ ጣቶች በጨርቅ ተጠምጥመዋል፣ ጥፍራቸው ሥር ቀዩ ቀለም ገብቷል። ገበያቸውን ዘግተው ሲሰፉ ነው የሰነበቱት።

«ማንም ልጄን ግማሽ ሰፌድ ይዛ ገባች አይላትም» አሉ። ዓይናቸው በእንባ ሞልቶ ይስቃሉ። «የቀረሽን እኔ ጨረስኩልሽ።»

ኑሪያ ቆማ አየች። ዓይኗ ያቺን ቀይ መስመር ሲፈልግ አየሁት፤ ከመሃል ይነሣል፣ ይጠፋበታል፣ እንደገና ከመሃል ይነሣል። ቀይ በቀይ ውስጥ ሰምጧል፣ እኔም ፈልጌ አላገኘሁትም። ከዚያ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? የእናቷን እጅ አነሣች፣ በጨርቅ የተጠመጠሙትን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመች። «አላህ ጤና ይስጥሽ፣ አይ። አደከምኩሽ» አለች። ውጭ እልልታው ደመቀ። እኔ ያን ቀን ያለቀስኩት በደስታ መሆኑን ሁሉም ሰው አመነልኝ።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ እሷ የቤት እመቤት። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ወፍራም ነጭ ወረቀትና እርሳስ ይዤላት ሄድኩ። ትልቋ ልጇ ገና ትድሃለች። «እስቲ ሥዪልኝ» አልኳት። ሳቀችና ጀመረች፤ የሕፃኗ ጀርባ፣ በሁለት መስመር ብቻ። እግዚአብሔር ያያል፣ ሕያው ነበር! «በቃ፣ ተዪው፣ እንደዚሁ!» ብዬ ጮህኩ። እጇ ግን አልቆመም። ምንጣፉን ሠራች፣ ግድግዳውን ሠራች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ስፌት ሠራች፣ ወረቀቱ ጥቁር እስኪሆን። ከዚያ እርሳሱን መለሰችልኝ።

«አየሽ አስቱ? አሁን እጄ ራሱ ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም። ይሞላዋል» አለችኝ።

ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ትኩሳት ያዛት። በዚያው ሄደች። ገና ልጅ ነበረች እኮ። አብዮቱ አልመጣም፣ እኔ አላገባሁም፣ ምንም ነገር ገና አልሆነም። ከቀብር በኋላ ሴቶቹ በተቀመጡበት ቤት ገብቼ ከአይ ፋጡማ ጎን ተቀመጥኩ። ቁርኣን ይቀራል። እሳቸው አላለቀሱም፤ እጄን ያዙ። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አስቱ ልጄ፣ አንቺ ታውቂያታለሽ። የጀመረችውን የማትጨርስ ልጅ አልነበረችም። በዕድሜዋ አንድ ነገር ብቻ ነው ሳትጨርስ የተወችው፣ እሱንም አልሐምዱሊላህ እኔ ጨረስኩላት። እሱን ሳስብ ትንሽ ይቀለኛል።»

«አዎ፣ አይ ፋጡማ። እጅዎ ይባረክ» አልኳቸው። ሌላ ምን እንድላቸው ትፈልጋላችሁ?

እሳቸውም ካለፉ ቆይቷል። ሰፌዷ አሁን በኑሪያ ትልቋ ልጅ ቤት ተሰቅላለች። አገር ጎብኚ ሲመጣ ሁሉን ትቶ ፎቶ የሚያነሣው እሷን ነው። «የአያቴ እጅ ሥራ ናት» ትላቸዋለች፣ ልክ ናት፣ የአያቷ ናት። የምናደድበት ሰው ፈልጌ አጣለሁ። አክስትየዋ ቀለዱ እንጂ ምን አደረጉ? እናትየው ወደዱ እንጂ ምን በደሉ? ጥፋተኛ ቢኖር ኖሮ ይሄን ሁሉ ዓመት እሱን ስረግም ይወጣልኝ ነበር።

ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸውን ሠዓሊዎች በአንዲት ጭረት ለይተን የምናውቅ ልጆች ነበርን። የኑሪያን እጅ የሚያውቅ ግን ዛሬ ሐረር ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፣ እሱም እኔ ነኝ። አንዳንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ያቺን ቀይ መስመር በጣቴ ጉልበቴ ላይ እሄድባታለሁ። ከመሃል ትነሣለች፣ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ትንሽ ትወርዳለች። ከዚያ ወዲያ ያለው እየጠፋብኝ ነው።